ክብ ፊርማ

ሠላሳ ሁለቱ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ለባለሀብቱ የጻፉትን የደመወዝ ጭማሪ ማመልከቻ የፈረሙት በክብ ነበር። ፊርማው እንደ ሰፌድ ከዞረ፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም።

ይቺን ብልሃት ያመጣት ከመካከላቸው አንዱ ነው። የዘይትና የጤፍ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። አሁን ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘለቀ ለብቻው አስጠሩት። አምና ጭማሪ የጠየቀው መካኒክ ሳምንት ሳይሞላው ተባርሯል።

አቶ ዘለቀ ወረቀቱን እንደ መኪና መሪ እያዞሩ አዩት።

«ማነው መጀመሪያ የፈረመው?»

«ክብ ነው ጋሼ፤ መጀመሪያ የለውም።»

«መጨረሻውስ?»

«እሱም የለውም።»

«እንግዲህ ባለሀብቱ አንዱን ነጥሎ ላባርር ቢል አይችልም ማለት ነው?»

የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ደብተር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት።

«አይችልም» አለ እንደ ምንም።

አቶ ዘለቀ ተነሡና በሩን ቆለፉ፤ መጋረጃውንም ሳቡት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በአንተና በአስካለ ፊርማ መሃል ትንሽ ክፍተት አለች። እኔን አታስገባኝም?»