ደቦ የማይጠርገው መንገድ

"መንግሥት ከውጭ አገር የተዋዋለው የከብት ክትባት አይመጣም፤ ስዌዝ ላይ መንገዱ ተዘግቷል" አለ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ቴሌግራሙን እያጠፈ።

"ምነው ጌታው፣ ነገ በደቦ ወጥተን እንጠርገዋለና!" አለ ገበሬው ክንዱ፣ ናዳ የዘጋው መስሎት።

"የባሕር መንገድ ነው፣ አያ ክንዱ። የዘጋው ጦርነት ነው። የቀረኝ ለአንድ በሬ የሚበቃ ብቻ ነው።"

ክንዱ የበሬውን ገመድ በመዳፉ ጠመጠመ። የከብት ወረርሽኙ ጎረቤት መንደር ድብ ባሕር ደርሶ ነበር። እሱና ጎረቤቱ መበለቷ እናኑ አንድ አንድ በሬያቸውን አቀናጅተው ያሳርሱ ነበር፤ አንዱ ቢሞት የሁለቱም መሬት ጦም ያድራል። "የኔን" ሊል አፉን ሲከፍት እናኑ ቀደመችው።

"የአያ ክንዱን ይውጉት። የኔው ብቻውን አያርስ።"

"የኔስ ብቻውን ሊያርስ ነው?" አለ በቁጣ። ገመዱን ለቆ የእናኑን በሬ ቀንድ ያዘ።

ሐኪሙ ወጋው። ክንዱም የራሱን በሬ በሽታው እንዳያገኘው ከመንጋው ለይቶ ቤቱ ውስጥ አሰረው።