ሦስተኛው ቋጠሮ

እናቷ ፎጣዋን አጣጥፋ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ዐለቱ ላይ ከተተከለው የብረት ቀለበት ጋር የታሰረውን ባለ ቋጠሮ ገመድ ያዘች። ቶራ ሳታስበው እጇን ዘረጋች።

«እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» አለች እናቷ ዞር ሳትል። «ያለ ሰው እርዳታ ውሃው ውስጥ መግባት ካቃተኝ ዳግመኛ እዚህ አልመጣም ብያለሁ።»

«ጉልበትሽ በኦፕራሲዮን ከተቀየረ ገና አራት ወሩ ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው አዲስ ነዋ።»

ቶራ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። በስዊድኗ የጎትላንድ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከጥድ ጫካው ጀርባ ወዳለው ወደዚህ ዐለታማ የባሕር ዳርቻ የሚመጡት የመንደሩ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ጠዋት ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሰባ ስምንት ዓመቷ ሴት ፊቷን ወደ ዐለቱ አዙራ፣ የገመዱን ቋጠሮዎች በየተራ እየጨበጠች፣ ከመርገጧ በፊት ድንጋዩን በእግር ጣቶቿ እየዳሰሰች ወረደች። ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። ቶራ ወደ ዐለቱ ጠርዝ ቀረበች። እናቷ ግን መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ በትዕግሥት ጠበቀችና ወርዳ ገመዱን ለቀቀች።

ውሃው ውስጥ ያ ሁሉ ዕድሜ የት እንደገባ ጠፋ። ነጭ ፀጉሯ ብቻ እየታየ ራቅ ብሎ ከውሃው ብቅ እስካለው ጥቁር ድንጋይ ድረስ ዋኝታ ተመለሰች።

«ሞቅ ይላል» አለች፣ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሮ።

ሽቅብ ስትወጣ ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ቆመች፤ ቀና ብላም ልጇን አየቻት።

«እጅሽ አሁንም ኪስሽ ውስጥ ነው?»

«አንቺ ነሽ ክተቺ ያልሽኝ።»

«እኔ ያልኩት ስለ መግባቱ ነው። ስለ መውጣቱ ምን አልኩ?» አለችና የቀዘቀዘ እጇን ዘረጋችላት።