ሽማግሌ ያልተላከበት ደም

ልጄን የገደለው ስመኘው አልታሰረም። ሐኪሞቹ «አእምሮው ታሞ ነበር፤ የሚያደርገውን አያውቅም» አሉ። ዳኛውም «በወንጀል አይጠየቅም» ብሎ ሆስፒታል ላከው። በአገራችን ደንብ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት ይለምናል። እሱም ይምጣና ይለምነኝ ብል ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለእብድ ደሞ ምን እርቅ አለው? መብረቅ መታው በይና ተይው!»

መብረቅ እናት አለው እንዴ? የስመኘው እናት እኮ እዚሁ አጠገቤ ናት፤ ጎረቤቴ አጸደ። ዕድሩን «ወይ እሷ ወይ እኔ» አልኩት፤ አስወጧት። ባሏ ሲሞት ድንኳን የተከለላት የለም። ብቻዋን ስታለቅስ በአጥሬ ቀዳዳ እያየሁ ዝም አልኩ።

ስመኘው ከዓመታት በኋላ ድኖ መጣ። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጄ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ዳኛው አትጠየቅም ብሎህ የለ?»

«እሱማ ብሏል። እጁ ግን የኔ ነበር፣ እትዬ።»

ይቺን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ስትመጣ ግን ደስ አላለኝም።

«እሺ፣ ማርኩህ ልበልህና ትሄድልኛለህ?»

«የኔን ተይው። እናቴን ማሪያት።»

ድንጋዩን ከጫንቃው አወረድኩት። ከባድ ነው። ሊያግዘኝ ሲነሳ «ተቀመጥ!» አልኩት። ከዚያ ድንጋዩን በራሴ ጫንቃ ተሸክሜ ሄድኩና አጸደ ደጅ ላይ ተንበረከክሁ።