ለናሙና የሄደው ነጠላ

ነጠላው ከመድረኩ ተወርውሮ ወንድሙ የተባለ ሸማኔ ጭን ላይ ወደቀ። «ይኸውላችሁ፣ ከእስያ ፋብሪካ የመጣ ነጠላ!» አለ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣው የወጪ ንግድ ባለሙያ፣ ሽሮ ሜዳ አዳራሽ የተሰበሰቡትን ሸማኔዎች እየቃኘ። «የእስያ ገበያ እንደ ጉድ እያደገ ነው። የሚፈልገው እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ሥራ ነው፤ የእናንተ ግን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም!» የወንድሙ ደም ፈላ። ሠላሳ ዓመት ከሸማኔ ጉድጓድ ያልወጣ ሰው ስለ ክር ይመከራል?

ነጠላውን ገልብጦ ጥለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ክር የለውም፤ የፋብሪካ ቀለም ነው የታተመበት። ሊጥለው ሲል ዓይኑ ከጥለቱ መስቀሎች አራተኛው ላይ ተተከለ። ግራ ክንፉ አጭር ነው። አምና ለውጭ አገር ኤግዚቢሽን ናሙና ሲሠራ፣ ሚስቱ ምጥ ይዟት ስትጣራ ደንግጦ ያጎደለው መስቀል ነው። ያን ናሙና «አገር ታኮራለህ» ብሎ ከእጁ የወሰደው ደግሞ ይኸው ባለሙያ ነበር። አሁን ጎዶሎው መስቀል በየአራቱ እየተደገመ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፏል።

ወንድሙ ብድግ አለ። «ሥራዬን ወሰዳችሁ፤ እሺ!» ጣቱን ጎዶሎው መስቀል ላይ አሳርፎ ነጠላውን ባለሙያው ፊት ዘረጋው። «ስህተቴን እንኳ ለእኔ አትተዉልኝም?»