በግፊ የተነሳችው ቶዮታ

ቢያዝን የመኪናውን ባትሪ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ በጓሮ በኩል ብቅ ሲል፣ ጠመንጃ ያነገቡ ሰዎች ግቢው ውስጥ መኪናዋን ከበው አገኘ። ልመለስ እንዳይል አይተውታል። ከረጢቱን እህል የያዘ አስመስሎ ቀስ አድርጎ አጥሩ ሥር አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቀም። ዘንድሮ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ከቤት ውስጥ የልጁ የየትነበርሽ ማቃሰት ይሰማል፤ ምጡ የጀመራት ጎሕ ሲቀድ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ ደሙ አልቆም ብሎ፣ ነፍሷ የተረፈው በዚህችው መኪና ጎንደር ሆስፒታል ስለደረሰች ነበር። ሐኪሞቹም ሁለተኛውን ቤት ውስጥ እወልዳለሁ እንዳትል አስጠንቅቀው ነው የሸኟት። እናም ቢያዝን በጎረቤቱ በሰጠኝ ጎተራ ውስጥ የደበቀውን ባትሪ ሊያመጣ ሮጦ ነበር። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ አሁን መንገድ ላይ ነበሩ።

“አያ ቢያዝን አንተ ነህ?” አለ ጓዶቹ ምንይችል የሚሉት አለቃቸው። “ማኪናህን ፈልገናት ነው።”

“ሞታለች እኮ” አለ ቢያዝን። አፉ ከልቡ ቀደመ። መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናው በሚወሰድበት በዚህ ጊዜ፣ ለቄሱም ለገበያተኛውም ወራት ሙሉ ሲለው የኖረው ነገር ስለሆነ ምላሱ ላይ ነበር። “ሞተሯ ነክሶ አልዞርም ብሏል። ዓመት አለፈው።”

ምንይችል ሳቀ። ጠመንጃ ሳይይዝ በፊት ከአዘዞ ሁመራ የሚመላለስ ሾፌር ነበር። “ቶዮታ? ይህን ለሌላ ሰው ንገር፣ አያ። ቶዮታ ታረጃለች እንጂ መቼ ትሞታለች?”

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን የሚለውን ሰው ጎትቶ ቤት ባስገባና ጠላ በጋበዘ ነበር። ላንድክሩዘሯ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ልታከፋፍል የመጣች ናት፤ የእርዳታ ድርጅቱ ሲሄድ በጨረታ ገዛት። ከዚያ ወዲህ የወገራን ሙሽራ፣ ወላድና ሬሳ ስትጭን ኖራለች። ጃፓኖቹ ሲጀምሩ መኪና ሳይሆን የሽመና ማሽን ይሠሩ እንደነበር ከድርጅቱ ሰዎች ሰምቶ፣ “ሸማኔ የሠራት እኮ ናት፣ እንዴት ትበጠሳለች” እያለ ሰዉን ያደነቁር ነበር። ዛሬ ግን፣ ምነው ትንሽ እንኳ ሰነፍ በሆኑ አለ በልቡ።

ምንይችል ኮፈኗን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘና በጣቱ ጠረገው። ዘይቱ እንደ ማር የጠራ ነበር። ቢያዝን ሞታለች ብሎ ላገር እያወጀ፣ ሰው ሲያጣ ጎማዋን ይነፋል፣ አቧራዋን ያራግፋል፣ ባለፈው ሰሞን ደግሞ ዘይቷን ቀይሮላታል። እንደ ሞተች ሊያስመስላት ፈልጎ እንደ ሞተች ጥሏት ማደር አንጀቱ አልቻለም።

“ዓመት ለሞላት ሬሳ አዲስ ዘይት ታጠጣለህ?”

ቢያዝን እጁን ወደ ቤቱ ዘረጋ። “እሽ፣ ዋሽቻለሁ። ልጄ ምጥ ይዟታል። ጎንደር ላድርሳትና ራሴ ነድቼ አመጣላችኋለሁ። ሚካኤልን።”

“ቅድም ሞታለች፣ አሁን ደግሞ ወላድ ታደርሳለች። ትናንት አንዱ እናቴ ታማለች አለን፤ እናቱ ገበያ ውላ መጣች። የቱን እንመን?” ምንይችል ይህን ሲል አልተቆጣም፤ የሰለቸው ሰው ነበር። ቢሆንም ፊቱን ወደ ቤቱ መልሶ ጆሮውን ሰጠ።

ቢያዝንም አብሮት አዳመጠ። ከቤቱ ምንም ድምፅ አልመጣም። የትነበርሽ የማታውቃቸውን ወንዶች ድምፅ ስትሰማ አፍራ ነጠላዋን ነክሳ ምጧን ዋጥ አድርጋው ነበር። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ባዕድ ወንድ ደጅ ላይ ቆሞ የምትጮህ ሴት በዚያ ቤት አልታየችም። “ጩሂ፣ ልጄ” አለ ቢያዝን በልቡ። በአፉ ሊለውም ሲል ምንይችል ወደ መኪናዋ ዞሮ ነበር።

“ባትሪ የላትም። በግፊ ትነሳለች፤ ሰው ጥሩ።”

ጎረቤቶቹ በጠመንጃ አፍ ተሰበሰቡ። ሰጠኝም ሊገፋ ከኋላዋ ቆመ። ሁሉም በአንድ ወቅት ወይ እናታቸውን ወይ ሚስታቸውን በዚህች መኪና ጎንደር ያደረሱ ናቸው። ቢያዝን መሪውን ያዘ፤ ምንይችል ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አጠገቡ ተቀመጠ። ገፊዎቹ እየለገሙ ነበር የገፏት፤ ከበሩ ወጥታ ቁልቁለቱን ስትይዝ ግን የሰው ጉልበት አላስፈለጋትም።

ቢያዝን ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ቀረ፤ እግሩን ካላነሳለት ሞተሯ አይነሳም። እስከ ታች እንዲህ ይዣት ብወርድ ምን ያመጣል፣ አልነሳም አለች እላለሁ፣ ትተዋት ይሄዳሉ ብሎ አሰበ። የሰጠኝን አጥር ማዕዘን ሲያልፍ ግን እግሩ ሳያማክረው ተነሳ። ሁልጊዜ የሚለቀው እዚያች ቦታ ላይ ነበር። ላንድክሩዘሯ አንዴ ተንገጫገጨች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሳች።

ገፊዎቹ እንደ ልማዳቸው አጨበጨቡ። ወዲያው ምን እንዳደረጉ ገባቸውና እጃቸውን ወደ ጎናቸው አወረዱ። ቢያዝንም ቢሆን ለአንድ አፍታ ደስ ብሎት ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ራሱን ይቅር የማይልባት ደስታ ናት።

“ሸጋ ማኪና ናት” አለ ምንይችል። “በል ውረድ፣ አያ።”

ወረደ። ምንይችል ወደ መሪው ተሻገረ፣ ሌሎቹ ከኋላ ዘለው ተሳፈሩ፣ መኪናዋም ወደ አስፋልቱ ቁልቁል ተንደረደረች። ሰጠኝ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ቢያዝን ዳገቱን መልሶ ወጣ።

የትነበርሽ ነጠላዋን አደግድጋ፣ የሕፃን መጠቅለያ በብብቷ ይዛ፣ የአጥሩን በር ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ ሆና መንገዱ አይታያትም። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ነው ከተኛችበት የተነሳችው፤ ፊቷ በላብ ርሷል፣ ግን ፈገግ ብላለች።

“መጣሁ፣ አባየ” አለች። “ሞተሯን እንዳታጠፋት።”