የስንዱ ድርሻ

አርብ ዕለት፣ ከእስራኤል ተነስተው በመጡበት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማቸው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የውብነሽ እናት የሰንበቱን ዳቦ ባርከው ቆረሱ። አንዱን ቁራሽ ለልጃቸው ሰጡ፣ አንዱን ለራሳቸው ያዙና የቀረውን በጨርቅ ሸፈኑት። ሦስተኛው ሳህን ባዶውን ቀረ።

ውብነሽ መጉረስ አቃታት። ያ ሳህን የታላቅ እህቷ የስንዱ ነበር። ከሌሎች ቤተ እስራኤላውያን ጋር ወደ እስራኤል ሲሰደዱ ስንዱን ሱዳን በረሃ ላይ ውሃ ጥም ገድሏት እዚያው ቀብረዋት ካለፉ ወዲህ፣ እናቷ ድርሻዋን ሳያስቀምጡላት የዋለ ሰንበት አልነበረም። ጥቁር አዝሙድ የበዛበት ትልቁ ቁራሽ ሁልጊዜ የሟቿ ነበር፤ ውብነሽ በልጅነቷ በዚህ ስንቴ አኩርፋለች።

"እማዬ፣ የስንዱስ?" አለች።

"የማን?" አሏት እናቷ። የያዛቸው የመርሳት በሽታ የስንዱን ስም እንኳ ወስዶት ነበር።

ውብነሽ ደነገጠች። ከእንግዲህ ስንዱን የሚያስታውስ ሰው እሷ ብቻ መሆኗ ነው። የራሷን ቁራሽ አንስታ ባዶው ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አሉ እናቷ።

"ለእንግዳ ነው፣ እማዬ።"

እናቷ ቁራሹን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ሲሉ ፊታቸው በራ።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ክፈቺላት እንጂ! ከመጣች እኮ ቆየች።"

ውብነሽ እንግዳዋ ሴት ናት አላለችም ነበር። ሄዳ በሩን ከፈተችና፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ገለል ብላ ቆመች።