የማይሰምጥ ዓሣ

«ተዘጋጁ፣ መጣች!» ይላሉ አጎቴ ቴክ ሁዋት። እኔ ግን ምንም አይታየኝም። የግድቡ ውኃ ጸጥ ብሏል። ከማዶ፣ ከመኖሪያ ፎቆቹ ፊት የቆመው ረጅም ዛፍ ቅጠል እንኳ አላነቃነቀም።

ከዚያ ትመጣለች። ግራጫ ራሷን ዝቅ፣ እግሮቿን ወደ ፊት አድርጋ ከዛፉ ትወረወራለች። ጣቴን ስጫነው ካሜራዬ ይንጣጣል፤ ግራና ቀኜ ያሉትም አብረው ይንጣጣሉ። ውኃው ይሰነጠቃል፣ ዓሣው ብልጭ ይላል፣ ንስሯ ይዛው ወደ ጎጆዋ ትነሣለች።

«ያዝካት?» አጎቴ ትከሻዬን ይዘው ይወዘውዙኛል። «ሃዚቅ! አንተ ልጅ፣ ያዝካት ወይ?»

ስክሪኑን አሳያቸዋለሁ። ክንፎቿ እስከ ጫፋቸው ገብተዋል። ከጥፍሯ የሚንጠባጠበው ውኃ ፍሬ ፍሬው ይለያል። የዕረፍት ቀኔን ሁሉ ዝናብና ትንኝ ችዬ እዚህ ስቆም የከረምኩት ለዚህች ነበር። አጎቴ ከእኔ በላይ ይጮኻሉ። አጎቴ የምላቸው በዕድሜያቸው ነው እንጂ እሳቸው የቻይና ዘር፣ እኔ የማላይ ዘር ነን፣ ዘመድ አይደለንም። የመጀመሪያውን ሌንስ ያዋሱኝ ግን እሳቸው ናቸው።

«በሲንጋፖር ባቡር እንኳ አንዳንዴ ይዘገያል፤» ይላሉ ሌላዋ ፎቶ አንሺ፣ አክስቴ ኢንድራኒ፣ ድንች በካሪ የተሞላ ሳምቡሳቸውን እያላመጡ። «ይህቺ ንስር ግን አንተ በጠራሃት ቁጥር ከተፍ! ስልክ ቁጥሯን ሰጥታሃለች እንዴ?»

«አንቺ አፍሽን ለሳምቡሳው ብቻ ክፈቺው» ይሏቸዋል አጎቴ። ሁሉም ይስቃል።

እኔም እስቃለሁ። እየሳቅሁ ምስሉን አጎላዋለሁ፤ ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ እንዴት እንደገባ ማየት ፈልጌ ነው። ዓሣው ቆሮሶ ነው። አፉን ከፍቷል። አፉ ውስጥ ነጭ ነገር አለ።

አረፋ ይሆናል። የፀሐይ ነጸብራቅም ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን ምስል አየዋለሁ፤ ከእሱ የሚቀጥለውንም። ንስሯ ትዞራለች፣ ብርሃኑም አብሯት ይዞራል፣ ነጩ ነገር ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ሰውን በጥርጣሬ መኮነን አልወድም። ቢሆንም ዓይኔ ሄዶ አጎቴ እግር ሥር ያለችው ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ላይ ያርፋል። አትለያቸውም። ለመጠጥ ናት ይላሉ። በዚህ ሁሉ ሙቀት አንድም ቀን ከውስጧ ቀዝቃዛ ነገር አውጥተው ሲጠጡ አላየሁም። እሳቸውም እንደ እኛው ከመንገድ የገዙትን፣ በፌስታል የተቋጠረ ቡና ነው የሚጠጡት።

«ፊኛ ካረጀ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ይነሣሉ። ሣጥኗን አንጠልጥለው ወደ ሸምበቆው ይገባሉ።

ለሽንት ሣጥን ምን ያደርጋል? ማን አየ ብዬ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አቀርቅሯል።

እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ይመለሳሉ። ካሜራቸው ኋላ ይቆማሉ እንጂ ወደ ሰማይም ወደ ዛፉም አይመለከቱም፤ የሚያዩት ውኃውን ነው። እኔም አያለሁ። ከሸምበቆው ሥር፣ ቅድም ባዶ ከነበረው ቦታ፣ አንድ ዓሣ በጎኑ ተኝቶ፣ ነፋሱ እየገፋው ቀስ እያለ ይወጣል።

«ተዘጋጁ» ይላሉ።

ካሜራዬን ትቼ ወደ ውኃው እወርዳለሁ።

«ሃዚቅ! ወዴት ነው? ታስበረግጋታለህ እኮ!» አክስቴ ኢንድራኒ ናቸው።

ጭቃው ጫማዬን ይውጠዋል። ዓሣው ሲነካ የበረዶ ቅዝቃዜ አለው። ወደ ታች እገፋዋለሁ፤ ተመልሶ ብቅ ይላል። እንደገና እገፋዋለሁ፤ አሁንም ብቅ። ሆዱን ስጨምቀው ሲጥ ይላል። አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ዕቃው እንዳይሰበር ካርቶኑ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ነጭ ፎም ነው።

አጎቴ አጠገቤ ደርሰዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«መልሰው፣ ልጄ። ትንሽ ነው ያደረግኩበት፣ እንዳይሰምጥ ያህል ብቻ።»

«ትበላዋለች እኮ፣ አጎቴ።»

«ትልቅ ወፍ ናት። ትተፋዋለች።»

«ስትተፋው አይተዋል?»

«ቅድም ስትይዛት ማን ነበር የጮኸው?» ይላሉ። «አንተ ነህ ወይስ እኔ? በየሳምንቱ ባዶ እጅህን፣ ፊትህን ጥለህ ስትሄድ እያየሁ... ለአንተ ብዬ እኮ ነው።»

አምናቸዋለሁ።

ዓሣውን እንደያዝኩ ወደ ካሜራዬ እወጣለሁ። አክስቴ ኢንድራኒ እጄ ላይ ያለውን ያያሉ፤ ከዚያ አጎቴን፤ ከዚያ ሳምቡሳውን ወረቀቱ ላይ ያስቀምጡታል። ሌንሱን ከውኃው አንሥቼ ወደ ዛፉ ጫፍ፣ ወደ ጎጆው አዞረዋለሁ።

ንስሯ ጠርዙ ላይ ቆማ የቅድሙን ዓሣ፣ የእኔን ዓሣ፣ እየቦጨቀች ነው። ጫጩቱ አንገቱን አስግጎ ከአፏ ይቀበላል። ምንቃሩ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል። ገና ጫጩት ነው፣ ላባው ራሱ ነጭ ነው፤ የገዛ ላባው ሊሆን ይችላል።

አጎላዋለሁ። ጫጩቱ ዋጥ ያደርገውና እንደገና አፉን ይከፍታል።